ነዳይ ክንዱ አድማሴ

ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1952 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰጠኝ ስማቸው፣ ጎንደር።

ስሜን በገበያ መካከል ከለማኝ ስም ጋር አስጠራህ። ሰላምታ የሚቀድመው በደል በሌለበት ደብዳቤ ነውና ሰላምታዬን ከታች ታገኘዋለህ።

የሆነውን ራሴ ልንገርህ፤ ሌላ ሰው በሌላ መልክ እንዳይነግርህ። «የማኅበራችን ሰዎች ቅዳሜ ደባርቅ ይመጣሉ፤ አያ ክንዱ ገበያ ቢገኙልኝ ደስ ይለኛል» ብለህ በሾፌሩ በውዱ ላክህብኝ። እኔም የአክስቴ የአባይነሽ የልጅ ልጅ፣ የጎንደር ልብስ ሰፊዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ እንግዳ ላከብኝ ብዬ ኮራሁ። ጋቢዬን አሳጥቤ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ነገር ካየሁበት ከወይራው ሥር፣ ከሽማግሎቹ ፊት ተቀመጥኩ።

ማኪናው መጣ። ሙዚቀኞቹ ነፉ። ወልደኢየሱስ የሚሉት ክራባት ያሰረ ጸሐፊህ የቆርቆሮ ጡሩምባ አፉ ላይ ደግኖ ስም ይጠራ ጀመር። በመጀመሪያ ዓይነ ስውሩን ጠርቶ ልብስ ሰጠው። ቀጥሎ በጦርነቱ እግሩን ያጣውን። በሦስተኛው «ነዳይ ክንዱ አድማሴ!» አለ።

ተነሣሁ። እንድመርቅ የጠሩኝ መስሎኝ ነው የተነሣሁት። ሁለት እጄን ዘርግቼ «እግዚአብሔር የሰጪውን ቤት ይባርክ» እያልኩ ሳለ ትከሻዬ ላይ ካቦርት ጣሉብኝ። ምርቃቱ ሳያልቅ፣ እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ገበያ መካከል እጁን ዘርግቶ የቆመ ሽማግሌ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ።

ካቦርቱ ደግሞ የሴት ነው። ወገቡ ጠቦ ደረቱ ሰፍቷል። ጠላ ሻጯ ሸዋገነት «ምነው አያ ክንዱ፣ ደረቱን በምን ሊሞሉት ነው?» አለች። ገበያው በሙሉ ሳቀ። ቤቴ ገብቼ ባወልቀው ጀርባው ላይ ነጭ ጨርቅ ተሰፍቶበት አገኘሁ፤ «የጎንደር ልብስ ሰፊዎች ማኅበር ለነዳያን የሰጠው» ይላል። ራሴ አነበብኩት።

ሰኞ ዕለት ሁለት ወንድማማቾች የድንበር ነገር ይዘው ሊመጡ ቀጥሬያቸው ነበር። አልመጡም። ሌላ ሽማግሌ ዘንድ ሄዱ አሉኝ።

የምፈልግብህ አንድ ነገር ነው። ስሜ የተጠራው በሕዝብ ፊት ነው፤ በሕዝብ ፊት ይሰረዝልኝ። በስህተት ነው ይባል፤ በዚያው ጡሩምባ ይነገር።

እንግዲህ ሰላምታዬ፦ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ፣ ክርስትና የተነሣው ልጅህ ደህና ናቸው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴ ትርንጎም ደህና ነች፤ ሳል ይዟታል እንጂ ሌላ ነገር የለባትም።

የጻፈው ነዳይ ክንዱ አድማሴ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ክንዱ አድማሴ፣

እንኳን ለልደት በሰላም አደረሰዎ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ልጁ መሳቅ ጀምሯል።

ደብዳቤዎን ሳነብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር ሚካኤል፣ ለልጄ ክርስትና፣ እትዬ ትርንጎ ይዘውልኝ የመጡት የደስታ ደብዳቤዎ ከጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጸሐፊያችን ወልደኢየሱስ የዘመኑ ተማሪ ነው፤ የቤተ ክህነት ወግ አያውቅም። ከግርጌው «የጻፈው ነዳይ ክንዱ» የሚለውን ሲያይ ማመልከቻ መስሎት ከነዳያን ዝርዝር አስገባው። ክፋት የለበትም።

የካቦርቱም ነገር የመቀስ ስህተት ነው። በአንድ ወር ይህን ያህል ልብስ ስንቆርጥ የወንዱና የሴቱ ልክ ይደባለቃል።

አያ ክንዱ፣ ይህ የምጽዋት ወር ወገቤን ቆርጦታል። ከገብርኤል እስከ አስተርዮ ማርያም ያለ ዕረፍት ነው። የወታደር ብርድ ልብስ ገዝተን፣ ከሱቅ ሱቅ ቁራጭ ጨርቅ ለምነን፣ ሁላችን በነፃ እየሰፋን ነው። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ከሾፌሮች ጋር ኳስ ገጥመን አምስት ለባዶ ተሸነፍን፤ ቀን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ የሚቀመጥ ሰው መሮጥ እንደማይችል ከተማው አየልን። የሻይ ግብዣም አድርገናል፤ ተማሪዎች ቴአትር አሳይተዋል። የጥምቀት ዕለት ደግሞ ከጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ሣጥን ይዘን እንቆማለን።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የተቀበለ ሁሉ መቀበሉን ማረጋገጥ ስላለበት ከዚህ ጋር የተያያዘውን ወረቀት በፊርማዎ ወይም በአውራ ጣትዎ አትመው በውዱ ይላኩልኝ። ካቦርቱን ግን እባክዎ አይመልሱት። ለማንም ቢሆን እቤት ይቀመጥ።

እትዬ ትርንጎን ሳሉ እንዴት አደረጋቸው? ጠይቄያለሁ ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሰጠኝ ስማቸው


ደባርቅ፣ ጥር 5 ቀን 1952 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰጠኝ ስማቸው።

ጤና ይስጥልኝ። ልጅህ መሳቅ በመጀመሩ ደስ ብሎኛል።

አውራ ጣት ትለኛለህ? ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። መምህር አልነበረኝም። ከቄስ የተዋስኩትን ዳዊት በሬ እያሰማራሁ፣ ሰው እየሳቀብኝ፣ በሦስት ዓመት ለየሁት። በዚያ ዳዊት መጨረሻ ላይ የገለበጠው ሰው «ጸሐፊሁ ነዳይ» ብሎ ስሙን ጽፏል። ያን የመሰለ ሸጋ ጽሕፈት የጻፈ ሰው ራሱን ዝቅ ካደረገ፣ እኔማ እንዴት አላደርግ ብዬ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደዚያው እጽፋለሁ። ይህ ለእግዚአብሔር የሚባል ነው እንጂ ለልብስ ሰፊ የሚባል አይደለም። ለእነዚያ ክራባት ለሚያስሩ ልጆችህ አስረዳቸው።

ወረቀትህን አልፈረምኩም። ያልለመንኩትን ተቀበልኩ ብዬ አልፈርምም። ካቦርትህንም በውዱ ልኬልሃለሁ። ስጠቀልለው ትርንጎ ቆማ ታየኝ ነበር። ማሰሪያውን ገመድ ያቀበለችኝም እሷ ናት።

ውዱ ሲቀበለኝ «አያ ነዳይ፣ ምነው ስጦታ ይመለሳል እንዴ?» አለኝ። የማኪናው ቁልፍ ቢኖረኝ አዲ አርቃይ ድረስ በእግሩ በሰደድኩት። ይኸው ስሜ በሾፌር አፍ ገብቷል። ከዚህ እስከ ተከዜ የማይደርስበት የለም።

በሕዝብ ፊት ይሰረዝ ያልኩህን አልመለስክልኝም። ስለ ኳስ ጻፍክልኝ።

የጻፈው ነዳይ ክንዱ አድማሴ


ጎንደር፣ ጥር 13 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ክንዱ፣

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰዎ። መልሴ የዘገየው በበዓሉ ብዛት ነው። ጥምቀት ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ሣጥን ይዤ ቆሜ ዋልኩ፤ ድምፄ ተዘግቷል።

ካቦርቱ ደርሶኛል። ምነው መለሱት አያ ክንዱ? ለሌላ ሰው አልሰጠሁትም። በስምዎ ተጠቅልሎ መደርደሪያዬ ላይ አለ።

እውነቱን ልንገርዎ። ጥር 21 ቀን በከተማው አዳራሽ የወሩ መዝጊያ ነው። የቀረውን ልብስ በዚያ እናድላለን። ከጠቅላይ ግዛቱ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ማኅበራችን ለሥራ ቤት የሚሆን ቦታ ጠይቋል፤ ሰዎቹ የሚወስኑት ያን ቀን ባዩት ነው። በዚያ ላይ ቆሜ «አንዱን ሽማግሌ ሳይለምኑ ለማኝ አድርገናቸዋል» ብል፣ የቀሩት ስሞች ሁሉ እንደዚያ ይመስላሉ። ሃምሳ ሁለት ልብስ ሰፊ ወር ሙሉ የደከመበት ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ የምለምንዎ እንዲህ ነው። ስምዎን ከመዝጊያው ዝርዝር አስወጥቻለሁ፤ ማንም አይጠራዎትም። አንቱም ነገሩን ይተዉት። ቢቻል ደግሞ ማኅበሩን የሚያመሰግን ሁለት መስመር ይጻፉልኝ፤ ስለ ካቦርቱ ሳያነሡ።

ስለ እትዬ ትርንጎ ሳል አልጻፉልኝም።

ልጅዎ ሰጠኝ


ደባርቅ፣ ጥር 16 ቀን 1952 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰጠኝ ስማቸው።

በጡሩምባ የጠራኸውን ስም በሹክሹክታ ትሰርዝልኛለህ። አልቀበልም።

ምስጋና ጻፍ ትለኛለህ። አልጽፍም።

የትርንጎ ሳል አልለቀቃትም። አንተ ግን ስለ እሷ ሳል የምትጠይቀው ነገሩን ለማስቀየስ መሆኑ ይገባኛል።

ጥር 20 ቀን በውዱ ማኪና እመጣለሁ። አዳራሽህ ውስጥ ገብቼ የምናገረውን ራሴ እናገራለሁ። አፍ አለኝ።

የጻፈው ነዳይ ክንዱ አድማሴ


ጎንደር፣ ጥር 18 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአያ ክንዱ፣

ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ይህን ደብዳቤ ላለመጻፍ ወር ሙሉ ሸሽቻለሁ። እንዳልነግርዎ ማርያምን ብዬ ምዬ ነበር፤ መሐላዬን ማፍረሴ ነው።

ወልደኢየሱስ አልተሳሳተም። ነዳይ ማለትዎ ወግ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ አባቴ ስማቸው ደብዳቤዎን እያነበበ «ይህ ሰውዬ ራሱን ሲያዋርድ እንኳ ይኮራል» እያለ ሲስቅ ነው ያደግኩት። ደብዳቤውን ለወልደኢየሱስ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በክርስትናው ማግስት እትዬ ትርንጎ ሱቄ መጡ። ሰው እስኪወጣ ከበሩ ሥር ቆመው ጠበቁ። ከላያቸው ላይ ነጠላ ብቻ ነበር። «እትዬ፣ በዚህ ብርድ ጋቢዎ የት አለ?» ብላቸው ሳቁብኝ። «ጋቢዬማ አፈር ገባ» አሉኝ።

እንዴት ብላቸው፣ እንዲህ አሉ፦ «በጥቅምት ጎረቤታችን ይመኙሽ ስትሞት ለመገነዣ የሚሆን ጠፋ። ክንዱ ተነሣና 'ከእኔ ቤት ይምጣ' አለ። ለቀስተኛው ሁሉ መረቀው። መጥቶ ከላዬ ላይ ወሰደው። ሸጋ ነገር አደረገ፤ አልነቅፈውም። እኔ ግን በረደኝ ልጄ። የእሱን ጋቢ እንዳልወስድ ወይራው ሥር ምን ለብሶ ይቀመጣል?»

«ለምን አይነግሯቸውም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? ለሙት የሰጠኸውን መልስልኝ ልበለው?»

ቁራጭም ቢሆን፣ አሮጌም ቢሆን አንዳች ነገር እንድሰፋላቸው ለመኑኝ። አንቱ እንዳያውቁ አስማሉኝ። ልካቸውን በገዛ እጄ ወሰድኩ። የመቀስ ስህተት የለም አያ ክንዱ፤ ካቦርቱ የተቆረጠው በእትዬ ትርንጎ ልክ ነው።

ከኪሴ ማድረግ ነበረብኝ። ለክርስትናው ተበድሬ ስለነበር ከማኅበሩ ጨርቅ ወሰድኩ፤ የማኅበሩ ጨርቅ ደግሞ ከነዳያን ዝርዝር ለሌለ ሰው አይሰጥም። የእሳቸውን ስም ብጽፍ አንቱ ይሰማሉ ብዬ ፈራሁ። ደብዳቤዎ እጄ ላይ ነበር፤ ቃሉም ተጽፎበት ነበር። ለወልደኢየሱስ «ሽማግሌው ገበያ ሳሉ እቤታቸው ስጥ» ብዬዋለሁ፤ ገበያ ላይ እንደሚጠራዎ አላሰብኩም። ወይም አስቤ ይሆናል። የሊቀ መንበሩ ዘመድ ከዝርዝሩ ሲጠራ፣ ለዘመድ ያዳላል የሚሉኝ አፋቸው ይዘጋ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለራሴም አልነገርኩም።

ይምጡ። የፈለጉትን ይናገሩ። አልከለክልዎትም።

ሰጠኝ


ደባርቅ፣ የካቲት 3 ቀን 1952 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰጠኝ ስማቸው፣ ጎንደር።

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ፣ ልጅህ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን።

አዳራሹ ውስጥ ሳታነጋግረኝ፣ ሳላነጋግርህ ወጥቻለሁና ይህን አንድ ጊዜ ልጻፍልህ።

ደብዳቤህን ውዱ የሰጠኝ ማኪናው ላይ ልወጣ እግሬን ሳነሣ ነው። ዳባት ሳንደርስ አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ውዱ «አያ ክንዱ፣ ይህ ደብዳቤ አያልቅም እንዴ?» አለኝ። በሌላ ቀን የምመልስለት አላጣም ነበር። ወረቀቱን ገልብጬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እሱም ዞር ብሎ አየኝና ከዚያ ወዲያ አልቀለደም።

እዚያው ልወርድ አሰብኩ። ጥቅምትን እያሰብኩ ነበር። ይመኙሽ በሞተችበት ቀን ጋቢ ላመጣ ቤት ስገባ ትርንጎ ለብሳው ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። «ስጪኝ» አልኳት። ለምን እንደሆነ እንኳ አልነገርኳትም። አውልቃ፣ አጥፋ ሰጠችኝ። የእኔ ጋቢ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። እሱን ማንሣት ትዝ አላለኝም። የለቀስተኛው ምርቃት ነው ትዝ ያለኝ። ከዚያ ወዲህ ከጥጃዋ ጎን መተኛት ስትጀምር ለጥጃዋ አዝና መስሎኝ ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን።

ገበያ ላይ ስሜ ቢጠራ ወር ሙሉ ጮኽኩ። ማሰሪያውን ገመድ ስታቀብለኝ ፊቷን አላየሁም።

አዳራሽህ ገብቼ ከበሩ አጠገብ፣ ከድሆቹ ጋር ቆምኩ። አንተ ከትልልቆቹ ሰዎች ጎን ተቀምጠህ አየኸኝ፤ ላብህን ስትጠርግ አየሁህ። ወልደኢየሱስ ስም ጠርቶ ጨረሰ። የእኔን እንዳልከው ዘሎታል።

ያን ጊዜ «አንድ ስም ዘለልክ» አልኩት።

«የማንን አባባ?» አለኝ።

«ነዳይ ክንዱ አድማሴ።»

ልጁ አንተን አየ። አንተ መሬት አየህ። ከትልልቆቹ አንዱ «ለሽማግሌው ስጧቸው እንጂ» አለ። ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ ጥቅሉን አመጣ፤ ገመዱ እኔ ያሰርኩት ነው። እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። አልመረቅኩም። ያን ወረቀትህንም አምጣ ብዬው ፈረምኩለት፤ በብዕር እንጂ በአውራ ጣት አይደለም።

ቤቴ ስደርስ ነጩን ጨርቅ በወስፌ ፈትቼ እሳት ውስጥ ጣልኩት። ካቦርቱን ለትርንጎ ሰጥቼ «ልበሺው» አልኳት።

«ከየት መጣ?» አለችኝ።

«ከሰፊ ነዋ፤ ካቦርት ከየት ይመጣል?»

ለበሰችው። ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈች። ጀርባዋ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ዙሪያውን ይታያል። በእጇ ወደ ኋላ ዳበሰችው፤ አገኘችው። «ልኬ ነው» አለች።

ከወይራው ሥር መቀመጥ ትቻለሁ። ባለፈው ሰኞ እነዚያ ወንድማማቾች ተመልሰው መጥተው ነበር። በቤቱ ውስጥ ማን እንደበረደው ያላወቀ ሰው የሌላውን ድንበር አይለይም ብዬ አስቤ ወደዚያው ወደ ሌላው ሽማግሌ ልኬያቸዋለሁ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

ቦታው ለማኅበርህ መፈቀዱን ውዱ ነግሮኛል። እንኳን ደስ አለህ። ወልደኢየሱስን አትቆጣው። መሐላህን ስላፈረስክ ንስሐ ግባ፤ ስለ እኔ ግን ይቅርታ አትጠይቀኝ፤ መስጠት የምችል ሰው አይደለሁም።

ሳሉ ቀለል ብሏታል።

ይህን ነገር ከዛሬ ወዲያ በቃልም በጽሕፈትም አላነሣውም። ትርንጎ ብትጠይቀኝ ለእሷም አልመልስም። አንተ ብታነሣብኝ ደብዳቤህን ከዚያ ቃል ላይ አቋርጬ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ፤ መልስም አታገኝም። አለቀ።

ክንዱ አድማሴ